የአያ በድረዲን አፍንጫ

በቆቦ ዙሪያ የማሽላ ማከማቻ ጉድጓድ ሲከፈት ጎረቤቴ አያ በድረዲን ይጠራሉ። የማን እንደሆነ አይቼ እንዳላዳላ እያሉ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። እፍኝ ማሽላ ሲሰጧቸው አሽትተው «ለዘር»፣ «ለእንጀራ» ወይም «ለከብት» ይላሉ። አለቀ፣ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ዘንድሮ ያ አፍንጫ አበጠ። እስከ ላይኛው ከንፈራቸው እንደ እንጨት ጠነከረ፤ ሕመም ግን የለውም። ሚስታቸው ኡሙሃኒ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ ጨመቀችባቸው። እብጠቱ ጭራሽ ሰፋ። እኔም አፍንጫቸው ከእሳቸው ቀድሞ ቤቴ መግባት እንደጀመረ ነገርኋቸው።

የቆቦዋ ሐኪም ዳሰሰችና ፈንገስ ሳይሆን አይቀርም አለች፤ በአፈርና በበሰበሰ ቅጠል ላይ የሚኖር፣ ሰውን እምብዛም የማይዝ ዓይነት። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ መድኃኒትም አለው፤ ዝም ከተባለ ግን ፊትን ያበላሻል። ለማረጋገጥ ደሴ ሄደው ከአፍንጫቸው ውስጥ ትንሽ ሥጋ ተወስዶ መመርመር አለበት። ዕድሜ ልካቸውን የሰው እህል ሻጋታ ሲያጋልጡ የኖሩት ሰውዬ የሻጋታ ዘመድ በአፍንጫቸው ማሳደራቸውን ስትሰማ፣ ኡሙሃኒ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች።

እሳቸው ግን እምቢ አሉ። የተነካ አፍንጫ አያሸትም፤ ካላሸተተ ደግሞ ማን ይጠራቸዋል?

ልመናው ሲሰለቸን ከኡሙሃኒ ጋር መከርን። ከአንድ ጉድጓድ ጥግ የተጠረገ፣ ዶሮ እንኳ የሸሸችው ማሽላ በእፍኜ ይዤ ሄድሁና ፍረዱልኝ አልኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። መዳፋቸው ላይ አደረግሁላቸው። ደጋግመው በአፍንጫቸው ሳቡ።

«ለዘር ይሆናል፣ አበበች።»

«እንግዲያስ ዓይንዎን ይግለጡ፣ አያ።»

ገለጡ። ማሽላው ጠቁሮ፣ ነጭ ጸጉር አብቅሎ ተያይዟል። ሊቆጡኝ ነው ስል፣ ዱላቸውን አነሡ።

«የጎረቤታችንን የራዊያን ማሽላ ትናንት ለዘር ብያታለሁ» አሉ። «መጀመሪያ እንዳትዘራው ልንገራት። ከዚያ ደሴ።»

ምርመራው የሐኪሟን ግምት አጸና። ለወራት ክኒን ዋጡ፤ ኡሙሃኒ አንድ ቀን እንዳያስታጉሉ ትጠብቃቸው ነበር። እብጠቱ እያደር ጎደለ፣ ከንፈራቸውም ከጥላው ወጣ።

አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ ሆነው ጠሩኝ።

«አበበች፣ ምስርሽ እያረረ ነው።»

ሆን ብዬ ነው፣ እርስዎን ለመፈተን ነው አልኋቸው። አላመኑኝም።