ክንዱና ድምፅ ያጣው ግጥሚያ

በ1978 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ እንደ ክንዱ ያለ ባለ ጉሮሮ አልነበረም፤ ቢኖርም ክንዱ አልሰማውም፤ እሱ ሲናገር የሌላ ሰው ድምፅ አይሰማምና። በሚሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ድምፅ ማጉያ የፈረቃ ለውጡን፣ የስብሰባ ጥሪውን፣ የጠፋውን ቁልፍ ሳይቀር የሚለፍፈው እሱ ነው። «የምሳ ሰዓት ደርሷል!» ሲል ሠራተኛው ጦር ግንባር ላይ ድል የተገኘ ይመስለው ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ከአዲስ አበባ የቅርጫት ኳስ ዋንጫ ጨዋታ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ጨዋታው ገና እንደተጀመረ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፋ። ሊቀ መንበሩ ጓድ አካሉ ቁልፉን ጠመዘዙት፤ ጎኑን በጥፊ አጮሉት፤ ጭጭ።

«ክንዱ፣ አንተ ተናገርልና!» አለ ሕዝቡ።

ክንዱ እስኪለመን አልጠበቀም። በባትሪ የሚሠራውን የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ አንሥቶ ፊት ወጣ። ቅርጫት ኳስን የሚያውቀው በአጥር በኩል አሻግሮ በማየት ነው፤ የእግር ኳሱን ወሬ ግን ከራዲዮ እየሰማ በቃሉ ይዞታል።

«ቀይ ለባሾቹ ወደፊት ይገሰግሳሉ!»

ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነበር። «ቀዩን በምን አየኸው?» አለው አንዱ።

«በልቤ!» አለ ክንዱ። ወዲያው ኳሷ ቅርጫቱ ውስጥ ገባች። «ጎል! አንድ ለዜሮ!»

«ሁለት ነጥብ ነው» አለች ዘይነት ከፊተኛው አግዳሚ ላይ። ዘይነት የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ባሕር ዳር ለመምህርነት ትማራለች፤ ቅርጫት ኳስም ትጫወታለች። ክንዱ ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ረጅም ተጫዋች ኳሷን ታቅፎ ሲሮጥ «እንዴት ያለ አንበሳ ነው!» ብሎ አዳራሹን አናጋው። ዳኛው ግን አንበሳውን አስቆመው።

«ኳስ ይዞ መሮጥ ክልክል ነው» አለች ዘይነት።

«እንግዲያው አንቺ ተናገሪ!» ብሎ ድምፅ ማጉያውን አስታቀፋት።

«አራት ቁጥር ለሰባት ቁጥር አቀበለ። ሰባት ቁጥር ወረወረ። ሳተ።» አንዲት ስህተት አልተገኘባትም። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከመሸንቲ የመጡት እማማ የብርጓል ግን ማዛጋት ጀመሩ።

«ልጄ፣ እውነቱን ነው የምትነግሪን፤ እንቅልፌን ግን አመጣሽብኝ። እስቲ ያን ቀጣፊ መልሽልን።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ቆሙ። ዘይነት የሆነውን ትናገራለች፤ ክንዱ መሆን የነበረበትን ይጨምርበታል። ሕዝቡ ቀዮቹን የራሱ አደረጋቸው፤ ዘይነትም ሳታውቀው «ቀዮቹ» ማለት ጀመረች።

ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃ ሲቀረው ቀዮቹ በአንድ ነጥብ ተበልጠዋል፤ ኳሷ ግን በእጃቸው ናት። ይኼኔ መብራት ድርግም አለ።

«ኤዲያ!» አለ ሰው ሁሉ።

«ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ምን ሆኑ?» አሉ እማማ የብርጓል ድንግጥ ብለው።

ክንዱ ድምፅ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠጋ። ዘይነትን በጎን እያየ፣ «ሰባት ቁጥር... ኳሷን እያነጠረ...» አለ። አሁን ታርመኛለች ብሎ ፈራ። ዘይነት የጨለመውን የቴሌቪዥን መስታወት አየች፤ አሮጊቷን አየች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አንድ ተከላካይ አለፈ» አለች።

«ሁለተኛውን እንደ ዘጌ ታንኳ ዞሮት ሄደ!» አለ ክንዱ ነፍሱ መለስ ብላ።

«ወረወረ።»

«ኳሷ የቅርጫቱን አፍ ትዞራለች... ትዞራለች...»

«ገባች። ሁለት ነጥብ። ጨዋታው አለቀ።»

እልልታው ሐይቁ ድረስ ተሰማ። ክንዱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «አንቺም ትዋሻለሽ?» አላት።

«አልዋሸሁም» አለች ፈርጠም ብላ፤ «በደንቡ ነው ያገባሁት።»

ሰኞ ጠዋት ራዲዮኑ ዋንጫውን የቀዮቹ ተጋጣሚዎች እንደወሰዱ ተናገረ። የዚያን ቀን የምሳው ጥሪ ከክንዱ ጉሮሮ እንደ ሹክሹክታ ወጣ። ከሥራ ሲመለስ እማማ የብርጓልን መንገድ ላይ አገኛቸው፤ አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ቢልም ጠሩት።

«እማማ፣ ራዲዮኑን... ሰምተዋል?»

«ሰማሁት» አሉ በንቀት። «እነሱ ምን ያውቃሉ? እኛ እዚያው ነበርን።»