ቢያዝን ያላገባቸው ጎሎች

ሾፌሩ ክንዱ ከአዲስ አበባ ጎንደር በገባ ቁጥር የሰፈሩ ሰው ማኪናውን ከቦ ስለ ቢያዝን ይጠይቀዋል። ቢያዝን ከሰፈራቸው ቡድን ወጥቶ ለአዲስ አበባ ትልቅ ክለብ የተሰለፈ የመጀመሪያው ልጅ ነበር።

በ1951 ጥቅምት ክንዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ቢያዝን በተስቦ ሞቶ ነበር፤ ቀብሮት ተመለሰ።

«የኛ ልጅ ስንት አገባ?» አሉት ገና ሳይወርድ።

ፊታቸውን አየና «ሁለት» አለ። ጨፈሩ። ከዚያ ወዲህ በየጉዞው ጎል ይፈጥር ጀመር።

አንድ ቀን የቢያዝን እናት፣ እማማ ታየች፣ ለብቻው ጠሩት።

«መሞቱን ሰምቻለሁ» አሉት።

ክንዱ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ተነስ። አትንገራቸው። ስሙን እየጠሩ ሲጨፍሩ ከቤቴ ሆኜ እሰማለሁ፤ ለቅሶ ያልተቀመጥሁትም ለዚሁ ነው።»

«እሺ» አላቸው። በወሩ ግን የአዲስ አበባን መንገድ ትቶ አሥመራ መመላለስ ያዘ።