ቀዩ ክዳን

መካኒኳ ታላቅ ወንድሟን ሞተር ምረጥልኝ አላለችውም። እሱ ግን ጋራዧ ውስጥ ከተቀመጡት ሁለት አሮጌ ሞተሮች አንዱን ወደደና የላይ ክዳኑን ቀይ ቀለም ቀባው። በቃ፣ አየር በኃይል እየነፋ ጉልበት የሚጨምረው ተርቦ የሚገጠመው ለዚህ ነው ብሎ ወሰነ። ሞተሩ ቢቃጠል ቆማ የምትቀረው መኪና የእሷ ናት፤ ዕቃ ጭና ያንን ዳገት እያቃሰተች የምትወጣውና የምታኖራት።

ካንዴላዎቹን ፈታች፤ ባትሪ አገናኝታ ሁለቱንም በማስነሻው ሞተሪኖ እያዞረች ኮምፕሬሽን፣ የየሲሊንደሩን ግፊት፣ ለካች። ቀለም ያልነካው ቆሻሻው ሞተር አራቱም ሲሊንደሮቹ እኩል ናቸው። የቀዩ ሦስተኛ ሲሊንደር ግን ወርዷል። ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋበት እንደገና ስትለካው የጌጁ መርፌ ሽቅብ ወጣ።

«አየሽ፣ ዘይት ጠምቶት ነው እንጂ ጤነኛ ነው» አለ ወንድሟ፣ ሐኪም ሐኪም እየተጫወተ።

«ጋሼ፣ ጤነኛ ቢሆን ዘይቱ ምንም አይጨምርለትም ነበር። የፒስቶኑ ፋሻ፣ ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት፣ አልቋል፤ ዘይቱ ለጊዜው ክፍተቱን ደፈነለት። ተርቦ ሲነፋበት ጉድ ነው የሚያፈላው።»

«ለጓደኞቼ ቀዩ ነው ብያቸዋለሁ እኮ።»

ለካ ነገሩ ይሄ ኖሯል። ሞተሮቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ መካኒኳ ቀዩን ክዳን ፈታ በቆሻሻው ሞተር ክዳን ምትክ አስቀመጠችው፤ ነገ ቫልቮቹን ለማስተካከል መልሳ እንደምታነሳው እያወቀች።

«በል፣ ያልከው አልቀረም። ቀዩ ነው።»

ወንድሟ ክዳኑን በእጅጌው ወልወል አደረገና፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው።