ከሁሉም በፊት የገባው አልጋ

ዕቃ መጫንን ጉልበት ብቻ አድርገው የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ምን ይደረግ፣ ሞልተዋል። እሱ ግን ዕቃ የሚጭነው ልብስ ሰፊ ልብስ እንደሚሰፋ ነበር፤ ለክቶ፣ አጥፎ፣ ጠርዝ ከጠርዝ አጋጥሞ። የሥራ ጓደኞቹ "መርፌ አያስገባ" ነበር የሚሉት። እሱ በደረደረው ኮንቴይነር ውስጥ፣ በቁም ሳጥኑና በፍራሹ መሀል መርፌ እንኳ አይገባም ለማለት ነው። በስሙ ይኮራ ነበር፤ ኧረ እንዲያውም በዋናው ስሙ ሲጠሩት ቅር ይለው ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ትንንሽ የብረት ኮንቴይነሮች ያከራያል። ቤት የሚቀይር፣ ቤት የሚያሳድስ፣ ወይ ደግሞ ትዳሩ ፈርሶ ዕቃውን የት እንደሚያደርስ የጨነቀው ሰው ይደውላል። ክሬን ያለው መኪና ባዶውን ኮንቴይነር አምጥቶ ደጃፉ ላይ ቁጭ ያደርግለታል። እነ መርፌ አያስገባ ጢም አድርገው ይሞሉታል፣ ይቆልፉታል፤ ከዚያ ወይ ወደ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ይወሰዳል፣ ወይ ባለቤቱ ያዘዘው ቦታ ይቀመጣል። ሰውየው ቤት ሲያገኝ፣ ኑሮው እንደተቆለፈ ተመልሶ ይመጣለታል።

እናቱ ስትኖርበት የነበረው ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል ታዲያ ማን ይጨነቃል?

"እማዬ፣ እኔ እያለሁልሽ?" አላት ደረቱን እየመታ። "ዕቃሽ ጭረት ሳይነካው እኔ ግቢ ይገባል። አንቺም ከኔ ጋ ትሆኛለሽ። ከጓሮ አንድ ክፍል እየሠራሁልሽ ነው። እሱ እንዳለቀ ዕቃሽን አገባልሽና እንደ ሙሽራ ትገቢያለሽ።"

"በስተርጅና ሙሽራ! ጉድ በል!" ብላ ሳቀች እናቱ።

በጭነቱ ቀን ጓደኞቹ የእረፍት ቀናቸውን ትተው መጡ፤ የእሱ እናት እናታቸው ናት። እናቱ ደጃፉ ላይ በርጩማ አስመጥታ ተቀመጠች። እሱ መጀመሪያ የነካው አልጋዋን ነው። ሰፊ የእንጨት አልጋ ነበር፤ እሱም ታናሽ እኅቱም የተወለዱበት፣ አባታቸውም ያረፈበት። ብሎኑን ፈታታው፣ ራስጌውንና ግርጌውን በብርድ ልብስ ጠቀለለው፣ ወስዶም ከኮንቴይነሩ የመጨረሻ ግድግዳ ጋር አቆመው። የሥራው ደንብ ነው፤ ረጅምና ጠፍጣፋ ነገር ከሁሉም ቀድሞ ይገባል። ከዚያ ቁም ሳጥኑ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣው፣ ጠረጴዛው፣ እግር ለእግር የተቆላለፉ ወንበሮች። በየስንጥቁ ትራስ፣ በየድስቱ ውስጥ በፎጣ የታሰረ ብርጭቆ። በሩ ሲዘጋ ጓደኞቹ አጨበጨቡለት።

"አልጋዬ የት ገባ?" አለች እናቱ።

"ከሁሉም ውስጥ እማዬ! ንፋስ አያገኘው፣ ሌባ አይደርስበት።"

"እኔስ እደርስበታለሁ?"

ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። ያን ሳቅ አሁን ቢያገኘው በጥፊ ነበር የሚመታው።

ኮንቴይነሩ እሱ ግቢ ውስጥ፣ ከሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት ተቀመጠ። እናቱም ሳሎን ገባች። ሚስቱ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሐሰት አይነገርም። በመጀመሪያው ቀን "እማማ፣ እኛ አልጋ ላይ ይተኙ፣ እኛ ሶፋው ላይ እንሆናለን" ብላ ለምናት ነበር። "የባልና ሚስት አልጋ ላይ ምን ልሠራ ልጄ?" ብላ እምቢ አለች። እናም ሶፋው ላይ ሆነች። ቤተሰቡ ቴሌቪዥን አይቶ እስኪጠግብ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፣ ሁሉም ሲነሣ ሶፋው ላይ ጥቅልል ትላለች። ጠዋት ስትነሣ ወገቧን ይዛ ነው።

ቀን ቀን በርጩማዋን ይዛ ትወጣና ኮንቴይነሩ ጥላ ሥር ትቀመጣለች። አንዳንዴ በምርኩዟ ብረቱን ኳ ኳ ታደርግና "ቤቶች!" ትላለች። "ቤቶች! ሰው የለም?" ሚስቱ ከወጥ ቤት ሆና ሳቋ ያመልጣታል። እሱም ከሥራ ሲገባ "ከፈቱልሽ እማዬ?" ይላታል። "ኧረ እምቢ አሉ፤ የምን ኩሩ ሰዎች ናቸው!" ትለዋለች።

የጓሮዋ ክፍልስ? ግድግዳው መስኮት ድረስ ወጣና ቆመ። መጀመሪያ ክረምቱ ይውጣ ተባለ። ክረምቱ ወጣ። ከዚያ ሥራ በዛ፤ ሰው ሁሉ ቤት የሚቀይርበት ወቅት ነው ተባለ። ከዚያ ግንበኛው ጠፋ። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ። በመሀሉ እሱ ራሱ አሮጌ ጎማዎችን እዚያው ጣራ አልባ ክፍል ውስጥ መወርወር ጀመረ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እማዬ" ይላታል።

"እንቁላሉ እስኪሄድ እኔ ቀድሜው እሄዳለሁ" ትለዋለች።

"ክፉ አታውሪ!"

"ክፉ አይደለም እኮ። አልጋዬን ብቻ አውጣልኝ ነው የምልህ። ከሶፋው አጠገብ ትገባለች። ብተኛም ብሞትም እሷ ላይ ይሁን።"

"አልጋው ከሁሉም ውስጥ ነው ያለው። እሱን ለማውጣት ሙሉውን ማራገፍ ነው፤ አንዱን ብነካ ሁሉም ይናዳል። ያን ሁሉ ዕቃ የት ላድርገው? ክፍሉ ይለቅና አንድ ጊዜ አወጣዋለሁ።"

ይህ እውነት ነበር፤ ግን ሙሉው እውነት አልነበረም። ሙሉው እውነት ያ ጭነት በዕድሜው ከደረደራቸው ሁሉ ያማረለት መሆኑ ነው። ላፍርሰው ሲል እጁ አይታዘዘውም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ማንስ ቢሰማው ምን ይለዋል?

አንድ ቀን ልጇ ቤቷን ሊያሳድስላት ያሰበ አንዲት አሮጊት ዘንድ ለሥራ ሄዱ። መርፌ አያስገባ እንደ ልማዱ፣ ዕቃ ከመነካቱ በፊት ደንበኛ ሁሉ የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቃት። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

"እማማ፣ ዕቃው ተቆልፎ እያለ በመሀል የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ይንገሩኝ። እሱን መጨረሻ ላይ አስገብተን በሩ ጋ እናደርገዋለን።"

"አልጋዬን" አለችው ሴትዮዋ፣ ሳታስብ። "ሌላው ቢቀር ይቅር። ሰው የራሱ አልጋ እያለው ሰው ቤት ስንት ቀን ይቆለመማል?"

የያዘውን ገመድ መሬት ላይ አስቀመጠ። ክሬኑን የሚነዳው ጓደኛው "ምን ሆንክ አንተ? ወገብህ ነው?" አለው።

"እናቴን አልጠየቅኳትም።"

"ምኑን?"

"ይህችኑ! ለመንገደኛው ሁሉ የምጠይቃትን ጥያቄ እናቴን አልጠየቅኳትም።"

"እንዴት ሊሆን ይችላል? አንተ?"

"እናቴ ናታ! የምትፈልገውን አውቃለሁ ብዬ ነዋ!"

ክሬን ነጂው ራሱን ነቀነቀ። "ታዲያ በእረፍት ቀንህ ከፍተህ አውጣላት። ካስፈለግንህ እንመጣለን።"

በእረፍቱ ቀን እናቱ ከሁሉም ቀድማ ተነሣች። ደህና ቀሚሷን ለበሰች፣ ሻሿን አሰረች፤ እንግዳ የምትቀበል ነው የምትመስለው። እሱ ቁልፉን አዙሮ ሁለቱን የብረት በሮች በረገዳቸው። አቤት! አንዲት ነገር ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ከወለል እስከ ጣራ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። አንድ እርምጃ ወደኋላ ብሎ ተመለከተው፤ ልቡ ሞቀ።

"ትራሴ!" አለች እናቱ፣ አንድ ጥግ አይታ። እጇን ዘርግታ ጫፉን ሳብ አደረገችው።

"ተይ! ተይ እማዬ! እሱን ከሳብሽው ቁም ሳጥኑ አብሮ ይመጣል!"

እጇን ሰበሰበች። እሱ ሰማዩን አየ። በስተምሥራቅ ትንሽ ደመና ነበረች፤ እውነቱን ለመናገር፣ ምክንያት ለሚፈልግ ሰው የምትበቃ ደመና ነበረች።

"ዛሬ እንኳ የሚዘንብ ይመስለኛል" አለ። "ይሄን ሁሉ ሜዳ ላይ አውጥቼ ዝናብ ቢመጣስ?"

"ላስቲክ እንጥልበታለን። አልጋዬን እዚሁ ሣሩ ላይ ብትዘረጋልኝም ይበቃኛል።"

"እንጨቱ ውሃ ከጠጣ አለቀለት እኮ!"

እናቱ ቀና ብላ አየችው። "ለእንጨቱ ነው የምትሳሳው፣ ለኔ?" አለችው። አልጮኸችም፤ እንዲሁ ጠየቀችው። እሱ ሳቅ ብሎ "ጣራው ይውጣ ብቻ፣ ትንሽ ታገሺኝ" አለና በሩን መልሶ ቆለፈው። ያን ቀን ጠብታ አልወረደም።

ከዚያ ወዲህ ስለ አልጋው አንስታ አታውቅም። "ቤቶች!" ማለቱንም ተወችው። አንድ ምሽት ለሚስቱ "እማዬ ለመደችው፤ አየሽ፣ ነገሩ ትዕግሥት ነው" አላት። "ለምደውት አይደለም፣ ታክቷቸው ነው" አለችው ሚስቱ፣ ሳህኑን እያጠበች። እሱ ግን አልሰማ አለ።

ከዚያ ብርድ መታት። ሳሉ ቀን በቀን ወደ ደረቷ እየወረደ ሄደ። ሐኪም አይቷት መድኃኒት ሰጣት፤ የተሻላት መሰለች። እሱ የአንድ ሰው ማቀዝቀዣ በጀርባው ተሸክሞ ደረጃ ሲወርድ ስልኩ ጮኸ። ማቀዝቀዣውን አስቀምጦ እስኪያነሣው ሁለቴ ጠርቶ ነበር። ሚስቱ ናት፤ ከለቅሶዋ በቀር ምንም አልሰማም። እናቱ እዚያችው ሶፋ ላይ፣ እግሯን በቅጡ እንኳ ሳትዘረጋ አርፋለች።

ከቀብር ሲመለሱ ግቢው በሰው ሞላ። ጎረቤቱ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው፣ የእናቱ የድሮ ሰፈር ሰዎች፤ ግማሹ ቆሟል፣ ግማሹ የድንጋይ ጫፍ ፍለጋ ይዟል። ታናሽ እኅቱ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ መጣች።

"ጋሼ፣ ሰዉ መቀመጫ አጣ። የእማዬ ወንበሮች አሉ አይደል?"

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ጓደኞቹ ኮታቸውን አውልቀው ተነሡ። ትራሱን ሳቡት፤ ቁም ሳጥኑ አብሮ አልመጣም። ወንበሮቹን ፈታቷቸው፣ ጠረጴዛውን አወጡት፣ ብርጭቆዎቹን ከየድስቱ እያወጡ ለሴቶቹ አቀበሉ። የተጣደው ሻይ ገና ሳይፈላ ኮንቴይነሩ ተገባደደ። ምንም አልተናደ፣ ምንም አልተሰበረም። ሰዉ በእናቱ ወንበሮች ላይ ተቀመጠ፣ በእናቱ ብርጭቆ ሻይ ጠጣ። አንዲት ጎረቤት ብርጭቆውን ብርሃን ላይ እያዞረች "እንዲህ ያለ ዕቃ ነበራቸው? አቤት ጨዋነት፣ አንድ ቀን እንኳ አላወሩም" ስትል ሰማት። አንገቱን ደፋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እሱ መጮኽም አልቻለም።

በመጨረሻ አልጋው ወጣ። የዕቃ ጫኞች ልማድ ነው፤ አልጋ ካወረዱ ገጥመው፣ ፍራሹን ጥለውበት ነው የሚሄዱት። ክሬን ነጂው የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ "የት እናድርገው?" አለ። ሳሎኑ በሰው ጢም ብሏል፤ የጓሮዋ ክፍል ጎማ ታቅፋለች። ስለዚህ እዚያው፣ ከባዶው ኮንቴይነር ጎን፣ ሣሩ ላይ ተዉት።

ከቀትር በኋላ የእናቱ ታናሽ እኅት ከሩቅ አገር በአውቶቡስ ደረሰች፤ ለቀብሩ እንኳ አልደረሰችም። አልቅሳ አልቅሳ ስትዝል እኅቱ ደግፋ ወስዳ አልጋው ላይ አስተኛቻት፣ የእናታቸውን ብርድ ልብስም ደረበችላት።

እሱ ሰው ሲሸኝ ነው ያያት። ቁርጥ እናቱን፤ ያችው ቁመት፣ ያችው ሻሽ፣ ያችው በጎን አተኛኘት። እግሯን እስከ ግርጌው ዘርግታ፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ወስዷታል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያለው እንባ ያኔ መጣ። ክፍል አላስፈለገም፣ ጣራ አላስፈለገም። ይቺው ሣር ትበቃት ነበር፤ እሷም በአፏ ነግራው ነበር።

እኅቱ ልትጠራው መጣች። "ጋሼ፣ ሰዎች ሊሰናበቱህ ቆመዋል። ፀሐይዋም እየጠለቀች ነው፤ አክስቴን ቀስቅሰን ወደ ቤት ትግባ።"

"ተያት" አላት፣ ዓይኑን ከአልጋው ሳይነቅል። "በእናትሽ፣ ትንሽ ትተኛበት።"

እኅቱም መሬቱ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።