የውሸት ስም

ወንዳወቅ ብልጥ ነኝ ባይ ነው። ብልጥ ነኝ ባይን ደግሞ ሰይጣን ደክሞ አይፈልገውም፤ በገዛ እግሩ ይመጣለታል።

ክረምቱ ላይ በሽታ ገብቶ የአገሩ በርበሬ ሁሉ ከሥሩ ይበሰብስ ጀመር። ወንዳወቅ ከቡሬ ገበያ ሲመለስ፣ ያ ሁሉ ጭቃ ጫማውን ያልነካው ባለጥላ ሰውዬ መንገድ ላይ ተቀላቀለውና «በርበሬህን ላድንልህ?» አለው። ደህና ሰው ቢሆን «የሁላችንንም» ባለ ነበር። ወንዳወቅ ግን የሌላው ሲጠፋ የሱ እንዴት እንደሚወደድ ታየውና «የኔን ብቻ» አለ።

«እንግዲያው የክርስትና ስምህን ንገረኝ። ሌላ አልፈልግም።»

የክርስትና ስም ለማያውቁት ሰው አይነገርም፤ ስሙን የያዘ ባለቤቱን ያዘ። ይህን ወንዳወቅም አይስተውም። ስለዚህ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚለውን ስሙን ዋጠና አፉ ላይ የመጣለትን «ክንፈ ሚካኤል» አለ። በዘሩም በጎረቤቱም እንዲህ የሚባል የለም።

«ባለስሙን በክርስትናው ቀን እወስዳለሁ» አለ ሰውዬው። እኔ ድሮ ክርስትና ተነሥቻለሁ ብሎ፣ ወንዳወቅ እስከ ቤቱ እየሳቀ ሄደ።

ጎረቤቶቹ በርበሬያቸውን እየነቀሉ ሲያቃጥሉ የሱ ማሳ ቀላ። በዓመቱ ደግሞ፣ መካን ናት እየተባለች የታማችው ሚስቱ ሥርጉት ወንድ ልጅ ወለደች።

አርባው ሲቃረብ የንስሐ አባታቸው ቄስ እጅጉ መጡ። «ክርስትናው በሚካኤል ዕለት ዋለ» አሉ ደስ ብሏቸው። ወንዳወቅ የያዘውን ጠላ አስቀመጠ።

«ስሙን ማን ሊሉት ነው፣ አባቴ?»

«ስምን መልአክ ያወጣዋል።»

«እኔማ ተስያለሁ» አለች ሥርጉት። «ወንድ ከሰጠኸኝ ክንፈ ሚካኤል እለዋለሁ ብዬ ማለዳ ማለዳ ስለምነው፣ አንተ አልሰማኸኝም?»

ሰምቷታል። ጋቢውን ተከናንቦ የተኛ እየመሰለ ስንት ዓመት ሰምቷታል። አፌ ላይ መጣልኝ ያለው ስም ከየት እንደመጣ አሁን ገባው።

«ሌላ ስም ቢሆንስ?» አለ።

«የስለት ስም አይለወጥም» አሉ ቄሱ። «ምን አስፈራህ?»

ወንዳወቅ ወሬውን ወደ ድግሱ ለወጠ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድልህ አለው። ሕፃኑ ባስነጠሰ ቁጥር ይበረግጋል፤ ዝም ሲል ደግሞ ይብስበታል፣ ይተንፍስ አይተንፍስ ጎንበስ እያለ ያዳምጣል።

በሚካኤል ማለዳ ሰውዬው ጥላውን ይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ቆሞ ነበር። ወደ ውስጥ አይገባም፤ ግን ልጁም እዚያ አይኖር፤ መውጣቱ አይቀርም። ቄስ እጅጉ ሕፃኑን ለጥምቀት ሲቀበሉ ወንዳወቅ ከሰው መሐል ሾልኮ ወደ በሩ ሄደ።

«ልጄን ተውልኝ» አለ። «ያን ጊዜ ዋሽቼህ ነው።»

«እሱንማ ያኔም አውቄዋለሁ። እውነተኛው ማን ነበር?»

ከውስጥ የልጁ ልቅሶ ተሰማ። ወንዳወቅ ዓይኑን ጨፈነ።

«ኃይለ ጊዮርጊስ።»

ሰውዬው ጥላውን አጥፎ ሄደ። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ወንዳወቅ ሲመለስ ልጁ አንገቱ ላይ ማዕተብ ታስሮለት፣ በእናቱ እቅፍ ሆኖ ይንጫጫል። ወንዳወቅ ሰው ያየኛል ሳይል አለቀሰ።

ቄስ እጅጉ ሊጸልዩላቸው መስቀላቸውን አነሡ። «የአባትዬው የክርስትና ስም ማን ነበር?»

ወንዳወቅ አፉን ከፈተ። ስሙ አልመጣለትም። ወደ ሥርጉት ዞረ።

«ረሳኸው እንዴ?» አለች እየሳቀች። «እሱማ...» አለችና ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

ቄሱም ለስንት ዓመት ያናዘዙትን ሰው ፊት ፊቱን እያዩ አሰቡ፣ አሰቡ። በመጨረሻ ክንፈ ሚካኤልንና እናቱን ብቻ ጠርተው ጸሎቱን ጨረሱ።