ሙጫ የነካው እጅ

«ፋርማሲው ሁልጊዜ ሰው የሚፈልግ ይመስልሻል?» አለ መጽሐፍ ጠራዡ፣ ብሩሹን ሙጫ ውስጥ እየነከረ። «እኔስ ሠላሳ ዓመት ቼዝ ተጫውቼ የለ? ሥራዬን ግን አልጣልኩም።»

«አንተ ብትሸነፍ ምን ትሆናለህ?» አለች ልጁ። «ጠጠሮቹን ሰብስበህ ወደ መጽሐፍህ ትዞራለህ።»

«ታዲያ ጨዋታ አይደል?»

«ለአንተ ነው ጨዋታ።»

እናቲቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የመጽሐፍ ቅጠሎች በመርፌ ትሰፋለች። ቀና ሳትል፣ «ኧረ ለሱም ሲሸነፍ ጨዋታ አይደለም» አለች። «ሙጫው ቀጠነ ብሎ የሚቆጣው እኔን ነው።»

ማንም አልሳቀላትም።

ልጅቱ ለቼዝ ብላ የፋርማሲ ሥራዋን ከተወች አራት ዓመት ሆኗታል። ትናንት የተመለሰችው ከማጣሪያ ውድድር ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጡትን አንድ ክለብ በደመወዝ ይቀጥራቸዋል፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ግን አይቀበልም። እሷ በሚቀጥለው ወር ይሞላታል። የመጨረሻውን ጨዋታ ተሸንፋ አራተኛ ወጣች።

ጠራዡ ይህን ሲሰማ «አይዞሽ» አላት እንጂ፣ ውስጥ ውስጡን ደስ ብሎት ነበር። ተመለሰችልኝ፣ ቼዙም እንደ ድሮው የሁለታችን ይሆናል አለ በልቡ። ጠዋት ጺሙን ሲላጭ ማፏጨት ጀምሮ ሚስቱ በዓይኗ ገሠጸችው።

«የገጠምሽው ሰው በልጦሽ ከሆነ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም» አለ አሁን፣ ድምፁን አለዝቦ።

«አልበለጠኝም። እያሸነፍኩት ነበር።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

ጠረጴዛው ላይ የደረቀውን ሙጫ በጥፍሯ ፋቀች። «ፈረሱን ነካሁበት።»

«የሱን ፈረስ?»

«በገበታው ሁለት ሣጥኖች መካከል አጣሞ አቁሞት ሰዓቱን መታ። ተራው የኔ ነበር። ሳላስበው እጄ ሄዶ አስተካከለለት።»

የጠራዡ ብሩሽ አየር ላይ ቀረ። እሱ ጠጠሮቹን ሙጫ እንዳይነካቸው በእጁ አይዝም፤ በብሩሹ እጀታ ገፋ ያደርጋቸዋል። እሷ ደግሞ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ እያነሳች ሣጥናቸው መሃል ታቆምለታለች። እዚህ ክፍል ውስጥ ጨዋታው እንዲህ ነው። ውድድር ላይ ግን «ላስተካክል ነው» ብሎ ቀድሞ ሳይናገር የባላጋራውን ጠጠር የነካ ሰው፣ መብላት ከቻለ ግድ ይበላዋል።

«በምን በላሽው?» አለ።

«ከንግሥቴ በቀር የሚደርስበት አልነበረኝም።»

«ጠባቂስ ነበረው?»

«ወታደር።»

ከዚያ ወዲያ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ንግሥቷ በወታደር ተበልታለች፤ ጨዋታውም በዚያው አልቋል።

«ለዳኛው ልማድ ነው ብትይውስ?»

«ምን ልበለው? የአባቴ እጅ ሙጫ ነው ልበለው?»

የእናቲቱ መርፌ ቆመ። ጠራዡ እጆቹን አየ፤ ነጩ ሙጫ ጣቶቹ መካከል ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ይቅር በይኝ ሊላት ፈለገ። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ባለፋርማሲው ሰኞ ትምጣ ብሎኛል።»

«አነጋገርከው?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«የተሸነፍኩት ገና ትናንት እኮ ነው፣ አባዬ።»

ጠራዡ ወደ ሥራው ዞረ። ጀርባው ሙጫ የተቀባ መጽሐፍ ቶሎ ካልተጫነ ይላቀቃል። ጎንበስ ብሎ መጽሐፉን መጭመቂያው ውስጥ አስገባና ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ። አንዴ አዞረው፣ ደገመው፤ ከሚያስፈልገው በላይ አጠበቀው።

ልጅቱ ከበሩ ኋላ ሻንጣዋን አነሳች። ከትናንት ጀምሮ አልተከፈተም ነበር።

በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። እናቲቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ጠራዡም ብሩሹን ነክሮ ቀጣዩን መጽሐፍ ወደራሱ ሳበ።