ጭረትና ክብ

ቤታችን ውስጥ የሚገላበጡ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እንቁላሎቹና አባቴ። ሁለቱንም የማገላብጠው እኔ ነኝ።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው፣ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። በአንድ ጎን ብዙ ከተኙ ቆዳቸው ስለሚቆስል በየጥቂት ሰዓቱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አዞራቸዋለሁ። የእንቁላል መፈልፈያ ማሽኑን ያመጣው ደግሞ መጋዘን የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው። «እታለም፣ ከቤት ሳትወጪ ሥራ ይሆንሻል» አለኝ፣ ሥራ የፈታሁ ይመስል። ሙቀቱ የማይዋዥቀው የአባባ ክፍል ነው ብሎ ራስጌያቸው ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠውና ሄደ። እንቁላሎቹን የሚያዞረው ሞተር ሳምንት ሳይሞላው ተቃጠለ። ስደውልለት «በእጅሽ አገላብጫቸው፣ ምን አላት!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምንም የላትም፤ ሌላ ሰው እስከሠራት ድረስ።

እንቁላል ካልተገላበጠ ጫጩቱ ውስጡ ይጣበቃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ በአንድ ጎኑ በእርሳስ ጭረት፣ በሌላው ክብ አደረግሁበት። ክዳኑን ስከፍት ሁሉም ጭረት ወይም ሁሉም ክብ መሆን አለባቸው። እነሱን አገላብጬ፣ ለእርጥበት የሚሆነውን ውኃ ማሽኑ ውስጥ ጨምሬ፣ ክዳኑን ዘግቼ ወደ አባባ እዞራለሁ። አንድ እጄን ከትከሻቸው፣ ሌላውን ከዳሌያቸው ሥር አስገብቼ ገና ሳነሣቸው ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነው።

«ቀስ በይ እንጂ! ፍሬቻ ሳታበሪ ትታጠፊያለሽ?»

መጀመሪያ ሰሞን እስቅ ነበር። አሁን ለመሳቅም ጉልበት አጣሁ።

ድካሜ የሚነገር አይደለም። ቆሜ አሸልባለሁ። ማንኪያ አንሥቼ ለምን እንዳነሣሁት ይጠፋኛል። ወንድሜን «አንድ ሳምንት ብቻ መጥተህ ተካኝ፣ ልተኛበት» ብዬ ስንቴ ለመንኩት! «መጋዘኑን ለማን ጥዬ? ደግሞ እኔ አላውቅበትም፣ ብሰብራቸውስ?» ይለኛል። ከዚህች ዓለም የምፈልገው ያቺን አንድ ሳምንት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገላቸውን ሳጥባቸው ግራ ዳሌያቸው ላይ ቀይ ነገር አየሁ። በጣቴ ብጫነውም አልደበዝዝ አለ። እንቁላሎቹን አገላብጬ ስጨርስ እሳቸውንም ያገላበጥኩ እየመሰለኝ እሄድ ነበር ማለት ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

«አባባ፣ ምነው ዝም አሉኝ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበራ። እንዴት አድርጌ ልቀስቅስሽ?»

ሆድ ባሰኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባባ እስኪወጣልኝ ጠበቁና በሚታዘዛቸው እጅ ማሽኑን አሳዩኝ።

«በይ እኔም ላይ ምልክት አድርጊብኝ። ማሽኑ ጭረት ካለ እኔም ጭረት፣ ክብ ካለ ክብ። ከተለያየን አንዳችንን ረስተሻል ማለት ነው።»

«ይቀልዳሉ?»

«እንቁላሉ ካላፈረ እኔን ምን ያሳፍረኛል?»

እስክሪብቶ አምጥቼ በአንዱ ክንዳቸው ላይ ጭረት፣ በሌላው ላይ ክብ አደረግሁባቸው። ሳጥባቸው እየለቀቀ፣ እኔም እያደስኩት፣ ቁስሉ ሳይብስ ዳነ።

እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ሲቃረቡ ማገላበጥ ቀረ። ጫጩቱ በሚወጣበት በኩል ራሱን አስተካክሎ ስለሚቀመጥ ክዳኑ ተዘግቶ ይተዋል። የመጀመሪያው ቅርፊት ሲሰነጠቅ ለወንድሜ ደወልኩለት። ሰዓት ሳይሞላ በር አንኳኳ። መጋዘኑን ለማን ጥሎ እንደመጣ አልጠየቅሁትም።

ስልኩን አውጥቶ በማሽኑ መስኮት ይቀርጽ ጀመር። «አባባ፣ ይዩት፣ ይዩት! አፉን አወጣ!» ቀና ብለው እንዲያዩ ክንዳቸውን ሲይዝ እጅጌያቸው ተሰበሰበ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጭረት» አሉ አባባ።

«የምን ጭረት?»

«እህትህ ድካም ሲጥላት እኔንና እንቁላሉን ታምታታናለች። እንዳትረሳኝ ብለን ነው።»

ወንድሜ ሳቀና አብሬው እንድስቅ ወደ እኔ ዞረ። አልሳቅሁም። ሳቁን ዋጥ አደረገና በመስኮቱ እንቁላሎቹ ላይ ያለውን ምልክት አየ፣ መልሶ የአባቱን ክንድ አየ።

«አሁን ግን ማሽኑ ተዘግቷል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እነሱማ ጨረሱ» አሉ አባባ። «ከእንግዲህ የሚያገላብጣቸው ሰው አይፈልጉም። እኔ ግን ገና ነኝ።»

ማሽኑ ውስጥ አንዲት ጫጩት ጮኸች። ወንድሜ አልቀረጻትም፤ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዓይኔን ማየት ከብዶት አልጋውን እያየ፣

«የቱ ጋ ነው የሚያዘው?» አለኝ።

እጆቹን ይዤ አንዱን ከትከሻቸው፣ ሌላውን ከዳሌያቸው ሥር አስገባሁለት። ስንት ቀን እንደሚቆይ አልጠየቅሁትም፤ ለመጠየቅም አቅም አልነበረኝም። ክፍሌ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ወደቅሁ። በግድግዳው በኩል የአባባ ድምፅ ተሰማኝ።

«ቀስ በል እንጂ! ፍሬቻ ሳታበራ ትታጠፋለህ?»

ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀ። እኔም መጀመሪያ ሰሞን እስቅ ነበር። ይሳቅ አልኩና ተኛሁ።